«ጣውንቴ የአየር ጠመንጃ ናት!»

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልን ከወደ ጀርመን ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይጠቀስ አደራ ስላለችን ስሟን ለራሷ ትተን ጭንቀቷን ብቻ እናካፍላችሁ።

«የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። ሽቱትጋርት አካባቢ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ማታ ማታም አይወጣም። ታዲያ ምን ጎደለሽ ትሉኝ ይሆናል። የእኔ ጣውንት አሮጌ የአየር ጠመንጃ ናት! መጀመሪያ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ፋይንቬርክባው 300ኤስ ገዛ። ቀጥሎ ዲያና 75 አመጣ። አሁን ደግሞ ሦስተኛ እያሰበ ነው። ዲያናዋ ስትተኮስ ከአፈሙዟ ፍርፋሪ ይወጣል። እሱም ‹ራሴ ፈትቼ እጠግናታለሁ› ብሎ እንጀራ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷታል። ‹ወይ እሷ ወይ እኔ!› ብዬዋለሁ። እሱ ግን ‹መጫወቻ ናት፣ አታካብጂ› ይለኛል። እውነት መጫወቻ ናት? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህታችን፣ መጫወቻስ አይደለችም። ቢሆንም «ወይ እሷ ወይ እኔ» የሚያሰኝ ጠላት አላየንም። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እነዚህ ጠመንጃዎች ባሩድ የላቸውም። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ኃይለኛ ሞላ ነው። በጎን ያለው ማንሻ ሲሳብ ሞላው ይጨመቃል። ቃታው ሲነካ ሞላው ፒስተኑን ወደፊት ይወረውራል፤ የታመቀው አየር ደግሞ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነችውን የእርሳስ ጥይት ይገፋል። ችግሩ ፒስተኑ ሲወረወር ጠመንጃው መራገጡ ነው። ለውድድር ተኳሽ፣ 10 ሜትር ርቃ ያለችውን የግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ለሚፈልግ ሰው፣ ይህቺ እርግጫ ትልቅ በደል ናት።

የኦበርንዶርፉ ፋይንቬርክባው ብልሃት ፈጠረ። የጠመንጃው ብረት ሲተኮስ ሰደፉ ላይ ወደ ኋላ ሸርተት እንዲል አደረገው፤ እርግጫውም ትከሻ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። የራሽታቱ ዲያና ደግሞ ሁለት ፒስተን አስገባ። አንዱ ወደፊት ሲሮጥ ሌላው ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የአንዱን ግፊት የሌላው ያጠፋዋል። የአየር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ኦሎምፒክ ሲገባ የሞላዎቹ ዘመን እየመሸ ነበር፤ በታመቀ አየር የሚሠሩት ተተኩ። ባለቤትሽ የወደደው ያንን ያለፈ ብልሃት ነው። ከዚህ የባሰ ስንት ፍቅር አይተናል!

አሁን ወደ ፍርፋሪው። ያ ፍርፋሪ የፒስተኑ ጎሚኒ ነው። የዚያን ጊዜ የዲያና ጎሚኒዎች ተተኮሰባቸውም አልተተኮሰባቸው፣ በዕድሜ ብቻ ይፈረፈራሉ። ስለዚህ «አዲስ እንደሆነች ሳጥን ውስጥ ነው የኖረችው» የሚል ሻጭ ቢመጣ ቶሎ አትመኑ። ጎሚኒው ከሄደ በኋላ መተኮስ ደግሞ ጥፋት ነው። አየሩ ስለሚያመልጥ ፒስተኑን የሚያበርድለት የለም፤ ብረት ከብረት ይጋጫል። ያለ ጥይት መተኮስም እንደዚያው። ዘይት ላንቆርቁርባት ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ አየሩ ሲታመቅ ስለሚግል ዘይቱ ተቀጣጥሎ ሊፈነዳ ይችላል። ደግነቱ ዛሬ ከተሻለ ነገር የተሠራ ጎሚኒ ይሸጣል፤ ጠመንጃዋ ትድናለች።

ግን ማን ይጠግናት? እዚህ ላይ ነው ከአንቺ ጋር የምንቆመው። ሞላው ጠመንጃዋ ሳትቀባበል እንኳ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው። ሞላውን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ መጨመቂያ ሳይኖር በካቻቢቴ ብቻ የሚፈታት ሰው፣ የመጨረሻው ማሰሪያ ሲላቀቅ ብረቱ ዓይኑ ላይ ሊወረወርበት ይችላል። ዲያና ላይ ደግሞ ሁለቱን ፒስተኖች የሚያገናኘው ጥርስ በልኩ ካልገጠመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ፈቃድ ላለው የመሣሪያ ጠጋኝ ይስጥ፤ ከፈቀዱለትም አጠገባቸው ቆሞ ይማር። የምግብ ጠረጴዛውንማ ዛሬውኑ ያጽዳ! እርሳስ መርዝ ነው፤ ለሕፃን ደግሞ ይብሳል። ጥይት የነካ እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆርስም።

ሕጉንም አይርሳ። ጀርመን ውስጥ ጉልበቷ ከ7.5 ጁል የማይበልጥና በአምስት ማዕዘን ውስጥ «ኤፍ» የሚል ፊደል የተቀረጸባት የአየር ጠመንጃ ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ያለ ፈቃድ ትፈቀዳለች። ሆኖም ተቆልፎባት መቀመጥ አለባት። ከቤት ስትወጣም ጥይት ሳይኖርባት በተቆለፈ ሻንጣ ነው። «ጠንከር ያለ ሞላ ልግጠምላት» ቢል ግን ከዚያ ልክ አልፎ ሕግ ሊጥስ ነውና አንድ በይው።

ሦስተኛዋንስ? ለጊዜው ትቆይ። የሰብሳቢ ብልሃት ብዛት ሳይሆን ሙሉነት ነው። የኋላ ማነጣጠሪያዋ የጎደለች ጠመንጃ በርካሽ ብትገኝ እንኳ ማነጣጠሪያውን ለብቻ ፈልጎ መግዛት ኪስ ያራቁታል። ሰደፉ ያልተሰነጠቀ፣ አፈሙዙ ያልዛገ፣ ማንሻው ሲሳብ የማይንገጫገጭ መሆኑን ሳያይ ገንዘብ አያውጣ። አንዷን ሳያድን ሌላ ማምጣት ሰብሳቢነት ሳይሆን ማከማቸት ነው።

ወንድማችን፣ ይህቺን ጽሑፍ ሚስትህ ካነበበችልህ እንዲህ አድርግ። የሚቆለፍ ቁምሳጥን ግዛ፤ ቁልፉም ልጁ የማያገኘው ቦታ ይሁን። ለመግዣና ለጥገና የሚውለውን ብር ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ወስኑ። «አታካብጂ» የምትለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ጣላት፤ እሷ ስለ ልጇ ነው የፈራችው።

አንቺም እህታችን፣ ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቅዳሜ የተኩስ ክበብ አብረሽው ሂጂና ሞክሪያት። ኩርፊያም እንደ ሞላ ነው፤ ተጨቁኖ ሲቆይ የሚለቀቅበት ቀን አይታወቅም። ቀስ አድርጎ መፍታት ይሻላል።

ሰላም ለቤታችሁ!