ባነሰ ገንዘብ ጀርባው ክፍት የሆነ የጆሮ ማዳመጫ ስለ መምረጥ

ገንዘብ የተረፈው ሰው ዕቃ ሲገዛ ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ግን የተሳሳተውን ይዞ ይኖራል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ወጣቶች ስለሚመኙት፥ ወላጆችም ዋጋውን ሰምተው ስለሚደነግጡበት አንድ ዕቃ፥ ይኸውም ጀርባው ክፍት ስለ ሆነ የጆሮ ማዳመጫ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

የጆሮ ማዳመጫ በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው ጀርባው የተደፈነ ነው፤ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፥ የውጭውም ጩኸት እንዳይገባ ያደርጋል። ሁለተኛው ጀርባው ወንፊት በሚመስል ብረት ወይም ፕላስቲክ ብቻ የተሸፈነ ነው፤ አየርም ድምፅም እንደ ልብ ይገባበታል፥ ይወጣበታልም። ድምፅን የምትፈጥረው ስስ ሽፋን ስትርገበገብ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ድምፅ ትልካለች። በተደፈነው ማዳመጫ ውስጥ ያ የኋላ ድምፅ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ይመለሳል፤ በክፍቱ ግን ወጥቶ ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ በክፍቱ የሚያደምጥ ሰው ዜማው በራሱ ውስጥ የታፈነ ሳይሆን በሰፊ ክፍል ውስጥ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ጆሮውም ቶሎ አይግልበትም። ይህ አሠራር በሕዝብ ዘንድ የታወቀው የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን ቀላል ማዳመጫ ካወጣ በኋላ ነው።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ጥቅም የለም። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የገንዘቡን መጠን ሳይሆን የሚያደምጥበትን ቦታ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ክፍት ማዳመጫ ያደረገ ሰውም ለራሱ ብቻ የሚያደምጥ ሲመስለው፥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ዘፈኑን ከነግጥሙ ይሰማበታል። ወንድምና እኅት በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት፥ አንዱ ለፈተና ሲያጠና ሌላው በክፍት ማዳመጫ ቢያደምጥ ሰላም አይገኝም። በታክሲና በአውቶቡስ፥ በመሥሪያ ቤትም ውስጥ ነገሩ እንዲሁ ነው።

ከሰላም ማጣት የሚብስ ሌላ ጉዳትም አለ። ክፍት ማዳመጫ የመንገዱን ጩኸት አያግድም፤ አድማጩም ጩኸቱን ለመሸፈን ሲል ድምፁን ከፍ፥ አሁንም ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው አንድ ሰው በ80 ዲሲቤል መጠን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ያለ ሥጋት ሊያደምጥ ይችላል፤ መጠኑ 90 ዲሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ 10 ዲሲቤል በተጨመረ ጊዜ ሰዓቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ ማለት ነው። በታላቅ ድምፅ የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ተመልሰው አይተኩም። ስለዚህ ጩኸት በበዛበት ቦታ ለሚያደምጥ ሰው ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ክፍቱን ትቶ ጀርባው የተደፈነውን ይግዛ።

ጸጥ ያለ ጥግ ላለው ሰው ግን ክፍቱ ለጆሮም ለቤተ ሰብ ኑሮም ይስማማል። እናት ስትጠራ፥ በር ሲንኳኳ፥ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማበታል። ልጃቸው ጆሮውን ደፍኖ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነባቸው ወላጆች የዚህን ጥቅም ሳይነገራቸው ያውቁታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ማዳመጫው የሚሰካው በምን መሣሪያ ላይ ነው የሚል ነው። ከማዳመጫው ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ በኦም የተለካ ቁጥር ይገኛል፤ ይህም ማዳመጫው የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቋቋም ያመለክታል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ማዳመጫ በቂ ድምፅ እንዲሰጥ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ የእጅ ስልክ ደግሞ ይህን አብዝቶ አይሰጥም። ነገሩ ግፊቱ የደከመ የቧንቧ ውኃን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት እንደ መሞከር ነው። በእርግጥ የኦሙ ቁጥር ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ በተወሰነ ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚወጣ በዲሲቤል የሚገልጸው ቁጥርም አብሮ መታየት አለበት። ሆኖም ለስልኩ ብሎ የሚገዛ ሰው ከ32 እስከ 60 ኦም ባለው መካከል ቢፈልግ ይሻለዋል። 250 ወይም 300 ኦም የሆነውን የሚመርጥ ግን ለብቻው የሚገዛ ማጉያ እንደሚያስፈልገው ቢያስብ መልካም ነው። ከዚህም በላይ ብዙ አዳዲስ ስልኮች ክቡ የማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው አስማሚ መግዛት ግድ ይሆናል። እንግዲህ የማዳመጫ እውነተኛ ዋጋ በሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ብቻ ሳይሆን፥ ከማጉያውና ከአስማሚው ጋር ተደምሮ የሚገኘው ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንለፍ። እጅግ ጥቂት ገንዘብ ለያዘ ሰው ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው የአሜሪካው ኮስ ኩባንያ በ1984 ያወጣው ፖርታ ፕሮ ነው፤ 60 ኦም ሲሆን ቀላልና የሚታጠፍ፥ ድምፁም ሞቅ ያለ ነው። ነገር ግን በጆሮ ላይ የሚያርፍ እንጂ ጆሮን የሚከብ አይደለም። ሁለተኛው የታይዋኑ ሱፐርሉክስ የሚሠራው ኤችዲ 681 ነው፤ 32 ኦምና ከፊል ክፍት ሲሆን ጆሮን ይከባል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን ስለታም ስለ ሆነ ለረጅም ሰዓት አይመችም።

ጥቂት ጨምሮ መክፈል ለሚችል ሰው ሦስት የታወቁ ዕቃዎች አሉ። የፊሊፕስ ኤስኤችፒ 9500 32 ኦም ነው፤ ሰፊና የማይጨንቅ፥ ሽቦውም የሚነቀል ነው፤ ጉድለቱ የጆሮ ትራሱ በቀላሉ የማይለወጥ መሆኑና ወፍራሙ ድምፅ ማነሱ ነው። የሴንሃይዘር ኤችዲ 599 50 ኦም ነው፤ የሰውን ድምፅ ለዘብ አድርጎ ያሰማል፥ ሽቦውም ትራሱም ይለወጣል። በጀርመን አገር የሚሠራው የባየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ ጠንካራና ትራሱ የሚለወጥ ነው፤ ነገር ግን የታወቀው ዓይነት 250 ኦም በመሆኑ ማጉያ ይሻል፥ ቀጭኑንም ድምፅ አጉልቶ ያወጣል፥ ሽቦውም አይነቀልም። በ1997 የወጣው፥ ብዙ የሚመሰገነው ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም ስለ ሆነና ዋጋውም ከፍ ስለሚል ለመጀመሪያ ግዢ አንመክረውም።

ማዳመጫን አወዳድሮ ለመግዛት ዕድል ያገኘ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። ከሁለት ማዳመጫዎች ይበልጥ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሁለቱን ድምፅ መጠን እኩል ማድረግ፥ ቀጥሎም የሚያውቀውን አንድ ዜማ በሁለቱም መስማት ይገባዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ፥ ወይም መሰንቆና የሰው ድምፅ ብቻ ያለበት ዘፈን ለዚህ ፈተና ይበቃል፤ የጣት አነካኩና የዘፋኙ ትንፋሽ በግልጽ የሚለይበት ማዳመጫ መልካም ነው። ደረትን የሚመታ ከበሮ የሚወድ ሰው ግን ከክፍት ማዳመጫ ይህን አይጠብቅ፤ የፊቱና የኋላው ሞገድ ስለሚገናኙና ስለሚጠፋፉ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ አማካይነት የሚያስገዛ ሰው ዕቃው ባይስማማው መልሶ ለመስጠት አይችልም። እንዲህ ላለው ገዢ ከድምፅ ጥራት የማይተናነሰው ነገር ሽቦውና ትራሱ የሚለወጡ መሆናቸው ነው፤ አስቀድመው የሚያረጁት እነዚህ ናቸውና። ስለዚህ ጸጥ ያለ ጥግና የእጅ ስልክ ብቻ ላለው ሰው ከተጠቀሱት ውስጥ አንዱን ምረጡ ብንባል ኤችዲ 599ን እንመርጣለን፤ ገንዘቡ ካልደረሰ ፖርታ ፕሮ ያለ ማጉያ ብዙ ዘመን ያገለግላል። አቧራና የራስ ፀጉር በክፍቱ ጀርባ እንዳይገባ ማታ ማታ በንጹሕ ጨርቅ ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል።

በመጨረሻም ወላጆችን የምናሳስበው አለ። ልጁ ማዳመጫውን ሲቀበል ዋጋው ብቻ ሳይሆን የድምፁ ልክም ይነገረው፤ ቤት ውስጥ በቀስታ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ ድምፁ በዝቷልና ይቀነስ። ለሽቦና ለትራስ መለዋወጫ ይገኛል፤ ለጆሮ ግን አይገኝም።