«መካን» ከማለታችን በፊት

ነቀምቴ ሳድግ፣ ልጅ የዘገየባት ሴት ስሟ ወዲያው «መካን» ይሆን ነበር። ዛሬም ከጊምቢ እስከ ሻምቡ ቃሉ አልጠፋም።

ምክንያቱ ግን አንዳንዴ በማህፀን የውስጥ ሽፋን ላይ የሚበቅል፣ ፖሊፕ የሚባል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም ጽንሱ ማህፀን ላይ እንዳይጣበቅ ሊያደርግ ይችላል። አንዱ ምልክቱ ከወር አበባ ውጪ የሚታይ ደም ነው። ሐኪም በማህፀን በር በሚገባ ቀጭን ካሜራ እያየ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ያረገዙ ብዙ ናቸው።

አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ግን እዚሁ ከተማችን አለ።

እህቴ፣ ደሙን አትደብቂ። ወንድሜ፣ አንተም አብረሃት ተመርመር፤ ችግሩ ካንተም ሊሆን ይችላል። ትዳር በሐሜት አይፍረስ።