ጀልባዋን ሐይቁ ይምረጣት ወይስ ሻንጣው?

ባሕር የሌላት አገር ልጅ፣ ያውም የለቡ መብራት ኃይል ነዋሪ፣ ስለ ጀልባ ምን አገባው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰፈሬ ከባሕር ጋር ያላት ዝምድና ቢኖር የጅቡቲው ባቡር ከፉሪ ለቡ ጣቢያ መነሣቱ ነው። እኔን ግን ጀልባ ውስጥ የከተቱኝ አጎቴ ናቸው።

አጎቴ ባሕር ዳር ላይ አንዲት የብረት የሞተር ጀልባ አለቻቸው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው ያመላልሳሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ጎብኚው ስለሳሳ የሚሳፈሩት በአብዛኛው ተሳላሚዎችና የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ትልቋ ጀልባ ጭቃ ላይ እንዳትቀመጥ ከዳር ራቅ ብላ ትቆማለች። ሰው ከዚያ በታንኳ ይወርዳል፤ ታንኳ ከጠፋም ልብሱን ሰብስቦ በውሃው ውስጥ ይራመዳል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ሕፃን አዝለው ሲወርዱ ታንኳዋ ተገለበጠች። ውሃው እስከ ወገብ ብቻ ስለነበር ሁለቱም ተረፉ። አጎቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ለሕክምና መጥተው እኛ ቤት ያረፉ ጊዜ እንዲህ አሉኝ፡- «አንተ የተማርክ ነህ፤ እንግሊዝኛውም ይገባሃል። ዕቁቤ ሊወጣልኝ ነው። ያችን በአየር የምትነፋዋን ጀልባ ፈልግልኝ።»

እኔም የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ምንጭ ማነጋገር ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ምንጬ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። «የአንድ ሻንጣ ኪሎ 23 ነው፤ ከዚያ በታች የሆነችውን ምረጥና አመጣታለሁ» አለችኝ። እግዜር ይስጣት። ግን 23 ኪሎ የማትሞላ ጀልባ ማለት ወለሏ ስስ፣ ላስቲኳም ስስ የሆነች፣ ለመዝናኛ የተሠራች ነገር ናት። ጀልባዋን የመረጣት ጣና ሳይሆን የአየር መንገድ ሚዛን ሆነ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምቃወመው ይህንኑ ነው።

ስለነዚህ ጀልባዎች የተጻፈውን ሳነብ አብዛኛው ምክር ለባለ ሸራ ጀልባ ባለቤቶች የተሰጠ ሆኖ አገኘሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ ሸራዋ ጀልባ ነፋስ እንዳይገለብጣት ከሆዷ ሥር ወደ ታች የወረደ ከባድ ክንፍ አላት፤ ስለዚህ ዳር ድረስ መቅረብ አትችልም። ጥልቁ ላይ መልሕቋን ጥላ ትቆምና ባለቤቱ በትንሿ የጎማ ጀልባ ወደ መሬት ይወጣል። ሲመለስ አየሯን አስተንፍሶ ይጠቀልላታል፣ ወይም ስቦ ትልቋ ላይ ይጭናታል። ለእሱ ቅለት ትልቅ ነገር ነው። የአጎቴ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትውላለች፤ ጥምቀት ሲሆን ደግሞ ሽማግሌና ሕፃን፣ ጆንያና ጀሪካን ትሸከማለች። ምክሩ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ግን ለሌላ ሰው ነው።

ለምሳሌ ፀሐዩን እንውሰድ። የነዚህ ጀልባዎች ቆዳ በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ነገር ይሠራል። አንዱ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሲሆን ዋጋው ይረክሳል። ሌላው በተለምዶ ሃይፓሎን የሚሉት ሰው ሠራሽ ጎማ ነው፤ ይወደዳል፣ ግን ፀሐይና ቤንዚን ይችላል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ርካሹ ፒቪሲ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም።

በነገራችን ላይ፣ ከፍታው ሞተርንም ያዳክማል። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። ሻጩ «5 የፈረስ ጉልበት» ቢል ጣና ላይ የምናገኘው ከአራት ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። መቅዘፊያ ይሻላል፤ ነዳጅ ወረፋም የለው።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ጥያቄ ግን «ስትቀደድ ማን ይጠግናታል?» የሚለው ነው። ይህን ለማጣራት ከሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ከጭነት መኪና ሸራ የተረፈ ቁራጭ ይዤ ነበር፤ ያ ሸራ የፒቪሲ ዘመድ ነው። ጎሚስታው ቁራጩን አሸት አሸት አድርጎ ለጎማ የሚጠቀምበትን ሙጫ ቀባው፣ ለጠፈው፣ ትንሽ ቆይቶም በጥፍሩ ላጥ አደረገው። «ወንድሜ፣ ይሄ ጎማ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። በኔ ሙጫ አይያዝም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፒቪሲ የራሱ ሙጫ አለው፤ ሃይፓሎንም እንደዚሁ። ስለዚህ ጀልባዋን የሚገዛ ሰው ሙጫውንና መጣፊያውን አብሮ ካልገዛ፣ የመጀመሪያው እሾህ ቀን የገዛው የመኝታ ፍራሽ ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ።

ጓደኞቼ «ታንኳ እያለ የፈረንጅ ጎማ ምን ያደርጋል?» ብለው ተሟገቱኝ። ታንኳን እኔም አከብራለሁ። ደንገሉ ከዚያው ከዳር ይታጨዳል፣ ሠሪው እዚያው አለ፣ ሙጫ አይጠይቅም። ነገር ግን ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ደርቆ ካላረፈ ዕድሜ የለውም። ቀጭን ስለሆነችም ያልለመደ ሰው ብድግ ሲል ትገለበጣለች። በሁለት ወፍራም የአየር ቱቦ መካከል የተቀመጠ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገለበጥም። ጥሩዎቹ ቱቦዎች ደግሞ ለየብቻ በተዘጉ ክፍሎች የተከፋፈሉ ናቸው፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌሎቹ ይይዛሉ።

የጎማ ጀልባ ለአገራችን ውሃ እንግዳም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም ዓባይን በብረት ጀልባ እወርዳለሁ ብሎ ተነሣና ጀልባዎቹ ገና ከመነሻው በድንጋይ ተሰባበሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ወታደሮች በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ሲመጡ ከጣና በታች ላለው ክፉ ውሃ የመረጡት አቮን ሬድሻንክ የተባሉ የጎማ ጀልባዎችን ነው። ጎማ ድንጋይ ሲመታው ይነጥራል። ሆኖም ለቴሌግራፍ መጽሔት ፎቶግራፍ ሊያነሣ አብሯቸው የወረደው ክሪስ ቦኒንግተን ከጀልባው ወድቆ ለመስጠም ጥቂት ነው የቀረው። የሙያ አጋራችን ስለሆነ ነገሩ ከነከነኝ። ጎማውም ቢሆን ሰውን ለብቻው አያድንም ማለት ነው።

የውሃውን መሸሽ ደግሞ አንርሳ። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ድርቁ ሳያንስ ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ በብዛት ውሃ ስለተለቀቀ ጣና እጅግ ወርዶ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ የሚሠራው በዚያው ሐይቅ ውሃ ነው። የለቡ መብራት ኃይል ልጅ ማታ አምፖል አብርቶ ሲያጠና ከአጎቱ ሐይቅ ትንሽ እየቀዳ ነው እንግዲህ። (መብራቱ ካለ ነው ታዲያ፤ የሰፈራችን ስም ሁልጊዜ አያኮራም።) ውሃው ሲወርድ ዳሩ ይርቃል፤ ዳሩ ሲርቅ ትንሿ ጀልባ ቅንጦት መሆኗ ይቀራል።

እንደኔ እንደኔ፣ የምትገዛው ጀልባ ሕፃን ያዘለች ሴት ረግጣ የምትቆምበት ጠንካራ ወለል ይኑራት፤ ቆዳዋ ሃይፓሎን ይሁን፤ ቢያንስ ሦስት የአየር ክፍል፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ ፖምፓና መጠገኛ አብሯት ይምጣ። እንዲህ ያለችው ከ30 ኪሎ በላይ ናት፤ ሻንጣ ውስጥ አትገባም፣ በካርጎ ነው የምትመጣው። የአጎቴ ዕቁብ ለዚህ አይበቃም። ሌላ ዙር መጠበቅ አለባቸው። ይህን መናገር ከባድ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ መልስ ጽፌያለሁ። በ23ቱ ኪሎ ጀልባ ሳይሆን የሕይወት አድን ጃኬት እንድታመጣ ነው የለመንኳት፤ ግማሹ የሕፃን ልክ ይሁን ብያለሁ። አጎቴ በስልክ ስነግራቸው ለጃኬቱ «ተመስገን» ብለው ቀጠሉና «ጀልባዋ እስክትመጣስ ሰውን በምን ላውርድ?» አሉኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ትንሽ አሰብ አድርገው «ሁለት ታንኳ ጎን ለጎን አስሬ፣ ላዩ ላይ ሣንቃ ረብርቤ ልሞክራት» አሉ። ቅዳሜ ሰው ሳይጭኑ ይሞክሯታል።