ጄኔሬተሩ የት ነው የተቀመጠው?

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.። በከተማችን በአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ ከአንዲት ሻይ ቤት የጾም ምሳዬን በልቼ ሻይ አዝዣለሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተቀንሷል። ጥቁር ነገር በአረንጓዴ ማሳ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ውኃ አልመሰለኝም። ቤት ተሸክሟል፣ ጀልባ ተሸክሟል፤ አንዳንዱ ቤት እየተንሳፈፈ ይነዳል። ከፊቱ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። በመንገዷ ላይ አንድ ነጭ መኪና ይሸሻል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ መውጫ ያጣል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ ሳናስበው ተነሥተን ቆመናል። አንዲት ሴት "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" ብላ ጮኸች፤ ሾፌሩ የሚሰማት ይመስል።

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ባለ ሻይ ቤቱ ወደ ጓሮ ሲሮጥ ተከትዬው ወጣሁ። ጄኔሬተሩ የተቀመጠው በድንጋይና በሲሚንቶ ከተሠራ፣ ወገቤ ድረስ ከሚደርስ መደብ ላይ ነው። ሽማግሌው ገመዱን ለመሳብ በርጩማ ላይ መቆም ነበረበት። ሁለቴ ሳበው፣ እምቢ አለ፤ በሦስተኛው ተነሣ።

"ጋሼ፣ ለምን እዚህ ሰቀሉት? መሬት ላይ ቢሆን አይቀልዎትም?" አልኩት።

"አምና በሚያዝያ ጎርፍ ገብቶ አበላሸብኝ፣ ልጄ። ውኃ አንዴ የገባበትን ቤት ያውቀዋል።"

ወደ ውስጥ ስንመለስ ነጩ መኪና ከምስሉ ላይ የለም።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ዜናውን ስከታተል ከረምኩ። ያን ማዕበል ያስነሣው የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ መጠኑ 9 ደረሰ ተባለ። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የሞቱትና የጠፉት ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ከ18 ሺህ በላይ ሆነ። በመንቀጥቀጡ ማግሥት ፉኩሺማ ዳይቺ የተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያው ማብላያ ሕንፃ ፈነዳ፤ መጋቢት 5 ሌላው፣ መጋቢት 6 ደግሞ ሌላው። ሕዝቡ ከጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ታዘዘ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ዓሣ የምትሸጥልኝ ሴት አንድ ቀን ሚዛኑን ይዛ "ጨረሩ የኛን ዓሣ አይነካውም ወይ?" ስትል ጠየቀችኝ። የጫሞ ሐይቅ ከውቅያኖስ ጋር እንደማይገናኝ ነገርኳት። ደስ አላት፤ እኔም ደስ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ስለ ፉኩሺማ አላወራንም።

ያ ጭውውት ዛሬ ይቆጨኛል። እኛ ለቅሶ ቤት ስንገባ "እግዜር ያጽናችሁ" ካልን በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ የምንጠይቀው "ምን አግኝቶት ነው?" ብለን ነው። ሩቅ አገር ሰው ሲያልቅ ግን "ስንት ሞተ?" ብለን ቁጥሩን ሰምተን፣ ወደ እኛ እንደማይመጣ አረጋግጠን እንነሣለን። ምን እንዳገኘው ሳንጠይቅ ከለቅሶው እንወጣለን።

ፉኩሺማን ምን አገኘው? እኔ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን የሲቀላው ሽማግሌ በርጩማው ላይ ቆሞ ይታየኛል። መሬት ሲንቀጠቀጥ በሥራ ላይ የነበሩት ሦስቱ ማብላያዎች እንደታሰበው ራሳቸውን አጥፍተዋል። ነገር ግን የኑክሌር ማብላያ ከጠፋም በኋላ ለቀናትና ለሳምንታት ይግላል፤ ያለማቋረጥ ውኃ እየተገፋለት መቀዝቀዝ አለበት። ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። የአገሪቱ የመብራት መስመር በመንቀጥቀጡ ተቋረጠ፤ ጄኔሬተሮቹ ተነሡ። ከ50 ደቂቃ ገደማ በኋላ ማዕበሉ መጣ። አብዛኞቹ ጄኔሬተሮችና የመብራት ማከፋፈያዎች የተቀመጡት ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ውኃው ገባባቸው። ሦስቱ ማብላያዎች ውስጣቸው ቀለጠ።

ጣቢያው የቆመበት ስፍራ መጀመሪያ ከባሕሩ 35 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ገደል ነበር። ሲሠራ ቆርጠው ወደ 10 ሜትር አወረዱት። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የጣቢያው ባለቤት የሆነው የቴፕኮ ኩባንያ የራሱ ባለሙያዎች ማዕበል ቢመጣ እስከ 15.7 ሜትር ሊደርስ እንደሚችል አስልተው ነበር። ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 የጃፓን ምክር ቤት ያቋቋመው፣ በኪዮሺ ኩሮካዋ የሚመራው አጣሪ ኮሚሽን አደጋውን "ሰው ሠራሽ" ብሎ ፈረደበት፤ መንግሥት፣ ተቆጣጣሪውና ኩባንያው ተመሳጥረው መሥራታቸውንም በግልጽ ጻፈ።

እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ለመንቀጥቀጡ መነሻ ከፉኩሺማ ይልቅ የቀረበ ሌላ ጣቢያ ነበር፤ ኦናጋዋ ይባላል። እሱ ተረፈ። ያኖሱኬ ሂራይ የሚባል መሐንዲስ ጣቢያው ገና ሲታቀድ፣ ከሺህ ዓመት በፊት እ.ኤ.አ. በ869 በአካባቢው የደረሰውን ማዕበል ታሪክ ይዞ፣ ከፍ ይበል ብሎ ድርቅ አለ። ሌሎቹ 12 ሜትር ይበቃል ሲሉት በ14.8 ሜትር ላይ አሠራው። በዚያች በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ዕለት ማዕበሉ 13 ሜትር ሆኖ መጣ። ሂራይ ይህን አላየም፤ ቀደም ብሎ ሞቷል። ቤታቸው የተወሰደባቸው ከ300 የሚበልጡ የአካባቢው ነዋሪዎች ግን ሮጠው የተጠለሉት በዚያው በኑክሌር ጣቢያው ቅጥር ግቢ ነው። ከዚያ ሁሉ ዜና ውስጥ አንድ ብቻ ለልጄ አውርስ ብባል ይህን አወርሰው ነበር። ያን ሰሞን ግን ማንም ስለ ኦናጋዋ አልነገረንም፤ የሚፈነዳው ሕንፃ ነበር ሲያሳዩን የዋሉት።

ሩቁ ዜና ደጃችን ሲመጣም ያው ነን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደ። ጎፋ ለአርባ ምንጭ ሰው ባዕድ አይደለም፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጋሞ ጎፋ ተብለን በአንድ ዞን የኖርን ነን። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቱ ሁሉ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የቀበሌው ሹም ሮጦ ደረሰ። ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሰው ሊያድኑ የሄዱ ናቸው። ማሽን ሊደርስበት የማይችል ቦታ ነበርና ሰዉ በአካፋና በእጁ ነው የቆፈረው። እጁ በጭቃ ተለውሶ በጉልበቱ የቆመውን ሰው ፎቶ ያየ አይረሳውም። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አለቀስን። አንድ ጊዜ የተናደ ተራራ መልሶ ሊናድ እንደሚችል፣ ከመቆፈር በፊት ሽቅብ የሚመለከት ሰው መቆም እንዳለበት ግን በየደጋው ቀበሌ ዞሮ ያስተማረ ሰው አላየሁም። ጨንቻ፣ ቦንኬ፣ ዲታ ያለው ገበሬ ዛሬም በዚያው ዓይነት ተዳፋት ላይ ያርሳል።

እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በከተማችን ሴቻ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን የሚያይ ሰው፣ በመካከላቸው ያለውን የእግዜር ድልድይ ያያል፤ እዚያ ያሉት የቶሳ ሱቻ ኮረብቶች እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈረሰ፤ በ1961 ዓ.ም. በሌላ መንቀጥቀጥ ሰርዶ ወደመች። ፒየር ጉዌን የተባሉ የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሊቅ ይህን ሁሉ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሐፍ አድርገው አሳትመውልናል። ስንቶቻችን አይተነዋል? በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነሡ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ኃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ሄደ። በዚያ ሰሞን ለሌላው ዓለም የሩቅ አገር ዜና የሆንነው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ የማነሣው አለምክንያት አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንደምትሠራ ተናገሩ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። አይሠራ የሚል ክርክር የለኝም። መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉ በወንዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን፤ የአገሬ ልጅ በኩራዝ ማጥናቱን እንዲያቆም እኔም እመኛለሁ። ግን የኑክሌር ጣቢያ ብዙ ውኃ ይጠጣል። የውኃ ዳር ይፈልጋል። የኛ አገር ሐይቆች ደግሞ አብዛኞቹ የተኙት መሬት በሚሰነጠቅበት ሸለቆ ላይ ነው፤ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። ስለዚህ ጣቢያው የትም ይተከል የት፣ ጥያቄው የኛም ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ዛሬ ነው፤ መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ መልሱ ውድ ይሆናል። ጋሞ ዱቡሻ ያለው ሕዝብ ነው። ዱቡሻ ላይ ሽማግሌ ይናገራል፣ ነገር ያለው ሁሉ ተነሥቶ ይናገራል፤ ያልተሰማ ሰው እያለ ነገር አይዘጋም። ለዚህ ያህል ትልቅ ጉዳይ ከዚያ ያነሰ ሸንጎ አይገባውም። የቦታ መረጣው ጥናት በእንግሊዝኛ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር፣ በአማርኛም በየአካባቢው ቋንቋም ለሕዝብ ይነበብ። ተቆጣጣሪው ከሠሪው ይለይ፤ ጃፓኖችን ያጠፋቸው ይህ መደበላለቅ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነቱ ጀምሮ ለአገሪቱ የውኃ መሐንዲስ ሲያፈራ የኖረ ተቋም ነው፤ የፉኩሺማ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ በፊት የውኃ ታሪክ ነው። መምህራኑ ኦናጋዋን ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩልን፤ ወደ ከተማው ወጥተውም ይንገሩን።

አንተም አንቺም፣ አንድ ቀን ባለሥልጣን አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ኑክሌር ጣቢያው ሲያስረዳችሁ፣ ስለ ሜጋዋቱ ከመጠየቃችሁ በፊት እጃችሁን አውጡና መብራት ቢጠፋ ማብላያውን የሚያቀዘቅዘው ጄኔሬተር የት ነው የሚቀመጠው ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልሱን ሳትሰሙ አትቀመጡ።