የባልንጀራን ድካም አለመሰወር

በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንድ እርሻ ያርሳሉ። አዝመራው በተሰበሰበ ጊዜ አንደኛውን በሬ ብቻ ማመስገን ይገባልን? የሰውም ሥራ እንዲሁ ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ቋንቋ ተረጐመ። በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተወሰደ ግን አንዳንድ ቃል ያጥረው ነበር። በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ጋኖ ቋንቋውን ጠንቅቃ ታውቅ ነበርና ብዙ ቃላት በመዝገብ ጽፋ ረዳችው። መጽሐፉም እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. ታተመ። ተርጓሚ ተብሎ የተጠራው ኦኔሲሞስ ነው፤ የአስቴር ድካም ግን ብዙ ዘመን ሳይነገር ቀረ።

ይህ በክፋት ሆነ አንልም። ነገር ግን ዝምታ ብቻውን የሰውን ድካም ይሰውራል።

ልጆች ሆይ፤ ነገ በትምህርት ቤት ወይም በሐኪም ቤት፥ በሱቅ ወይም በቢሮ ከሰው ጋር ትሠራላችሁ። ባልንጀራችሁ ሲደክም አግዙት። ሥራው አምሮ አለቃ ሲያመሰግናችሁም «እገሌ ረድቶኛል፤ እገሊትም አብራኝ ደክማለች» ብላችሁ ስማቸውን አንሡ። ምስጋና ለሁለት ቢካፈሉት አይጐድልም፤ የተሰወረ ድካም ግን የሠራተኛን ልብ ያዝላል።