ጀልባው ውኃ ላይ ከመውጣቱ በፊት

ከባሕር ዳር ከተማ አንዲት የሦስት ልጆች እናት እንዲህ ሲሉ ጽፈውልናል። «በሰፈራችን የሚገኙ ጥቂት አባቶችና አንድ የስፖርት መምህር ተሰባስበው ለወጣቶች የዋናና የጀልባ ቡድን ሊያቋቁሙ ነው። ልጆቹ በየቅዳሜው ጣና ላይ ቀዘፋ ይማራሉ ተብሏል። የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድ ልጄና የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሴት ልጄ እንመዝገብ እያሉ ዕረፍት ነሥተውኛል። ባለቤቴ ወንዱ ይሂድ፣ ሴቷ ግን ከቤት ትዋል ይላል። እኔ እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ለመላክ እፈራለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹን በጀልባ ጭኖ ወደ ደሴት መውሰድ ነው አሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እኅታችን፣ ፍርሃትዎ የሚያሳፍር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ውኃ ውስጥ ሰጥመው እንደሞቱ ገምቷል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች መስጠም ሦስተኛው የሞት ምክንያት እንደሆነም ይኸው ሪፖርት ይገልጻል። ይሁንና ልጅን ከቡድኑ ማስቀረት ከሐይቁ ማስቀረት አይደለም። ጣና ዳር የሚያድግ ልጅ ተፈቀደለትም ተከለከለም ውኃው ዘንድ መድረሱ አይቀርም። እንግዲህ የሚመረጠው ከታላላቆች ጋር ሆኖ በሥርዓት በመማርና ከእኩዮቹ ጋር ተደብቆ በመሞከር መካከል ነው። ስለዚህ ልጆቹ ይመዝገቡ እንላለን። የመጀመሪያው ቅዳሜ የደሴት ጉዞ ይሁን መባሉን ግን አንደግፍም።

የወጣቶች የባሕር ቡድን ማቋቋም አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የባሕር ስካውት የሚባለው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1909 እና በ1910 አካባቢ ሲሆን፣ የስካውት መሥራች የሆነው ቤደን ፓወል ወንድም ዋሪንግተን በ1912 ለእነዚሁ ልጆች የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በዚያው በ1912 ነሐሴ ወር መግቢያ ላይ፣ ከለንደን ተነሥተው በመርከብ ጀልባ ወደ ሰፈራ ቦታ ይጓዙ የነበሩ ልጆች ሌይስዳውን ከሚባለው የባሕር ዳርቻ አጠገብ ድንገተኛ ነፋስ መታቸው። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ 9 ልጆች ሞቱ። አብረዋቸው ታላላቆች ነበሩ፤ ዳርቻውም ሩቅ አልነበረም።

ሰማንያ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993፣ በዚያው አገር ላይም ቤይ በተባለ ቦታ በትንንሽ መቅዘፊያ ጀልባዎች የወጡ ተማሪዎች ወደ ጥልቁ ተገፉና አራቱ ሞቱ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ማዕከሉን ያስተዳድር የነበረው ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተፈረደበት፤ በ1995ም እንዲህ ዓይነቶቹ ማዕከሎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ይህን የምናነሣው እናቶችን ለማስደንገጥ አይደለም። በሁለቱም አደጋዎች ልጆቹ የሞቱት ውኃ ስለወደዱ ሳይሆን፣ ጀልባ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ማለቅ የነበረበት ሥራ ሳያልቅ ስለወጡ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለሆነም የመጀመሪያው ስብሰባ የወላጆች ይሁን። ልጆቹ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይስሙ፤ ውኃ ግን አይነካም። በዚያ ቀን እናቶችና አባቶች ሳያፍሩ ሊጠይቁ የሚገባቸው ነገር አለ። ልጆቹን የሚመራው ማን ነው? ራሱ ይዋኛል ወይ? ቀዘፋ የት ተማረ? በእያንዳንዱ ጀልባ አንድ ታላቅ ሰው፣ ዳር ላይ ቆሞ የሚቆጥር ደግሞ ሌላ አንድ ይኖራል ወይ? አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር ራቅ ብሎ እንዳይሄድ የሚል ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። አሠልጣኙ የቱንም ያህል የተከበረ ሰው ቢሆን ይህ ደንብ አይነሣለትም፤ ጨዋ ሰውም አይቀየምበትም።

መዝገቡም በዚሁ ቀን ይከፈት። የልጁ ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ ያለበት ሕመም ይመዝገብ። በተለይ የሚጥል በሽታና አስም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነገሩን እንዳይደብቁ አደራ እንላለን። በየቤቱ እንዲህ ያለውን ሕመም መሸሸግ የተለመደ ቢሆንም፣ መሬት ላይ በደቂቃ የሚያልፍ ሕመም ውኃ ውስጥ ሕይወት ያሳጣል። ወላጅ በሕዝብ ፊት መናገር ካልፈለገ ለመሪው ለብቻው ይንገረው።

አሁን ወደ ሴት ልጅዎ እንመለስ። ባለቤትዎ «ከቤት ትዋል» ሲሉ ክፉ አስበው አይደለም፤ አብዛኛው አባት የሚለውን ነው ያሉት። ነገር ግን ልብስ አጥባ እንድትመጣ፣ ውኃ ቀድታ እንድትመለስ ወደ ሐይቁና ወደ ወንዙ የምትላከው ማን ናት? ዳሩን ከወንድሟ የበለጠ የምትረግጠው እርሷ ሆና ሳለ መዋኘት የሚማረው እርሱ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ አልተስተካከለም። ባለቤትዎን በክርክር ከመርታት ይልቅ በዚህ በኩል ቢያነጋግሯቸው የሚሻል ይመስለናል። ታናሽ ወንድሟ ከዳር ተንሸራትቶ ቢወድቅ አጠገቡ የምትገኘው እርሷ መሆኗንም ያስታውሷቸው።

የቡድኑ አቋቋሚዎችም የአባቶችን ስጋት የሚያቀል ነገር ማድረግ አለባቸው። ከመሪዎቹ አንዷ ሴት ትሁን። የምትዋኝ ሴት ባትገኝ እንኳ አንዲት እናት ወይም አክስት ዳር ላይ ሆና ልጆቹን የመቁጠሩን ሥራ ትያዝ፤ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ልብስ መቀየሪያ የተከለለ ቦታ ይዘጋጅ። ሰፊ ጉርድ ቀሚስና ነጠላ ውኃ ውስጥ እግር ላይ ይጠመጠማሉና፣ ልጃገረዶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጠበቅ ያለ ሱሪና እጅጌ ያለው ካናቴራ ቢለብሱ ለጨዋነቱም ለደኅንነቱም ይስማማል። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ውኃ መግባት ካልፈለገች በወንዶቹ ፊት «ለምን?» ተብላ ሳትጠየቅ ዳር ላይ የገመድ ሥራ ትሥራ።

አንድ ነገር እንጨምር። ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት እንዳትወጣ የሚያግዳት ብዙውን ጊዜ የአባት ክልከላ ሳይሆን የቤት ሥራ ነው። ወንድሟ ፎጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ እርሷ ሽንኩርት እየላጠች ከቀረች ፈቃድ ማግኘቷ ምን ጥቅም አለው? ዓርብ ማታ ሥራው ለሁለት ይከፈል። እርሱም ዕቃ ማጠብ ይችላል፤ ጀልባ ማጠብ ሊማር አይደል የሚሄደው!

ሁለተኛው ስብሰባ በየብስ ላይ ይሁን። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሜትር ያህል ገመድ ይበቃል፤ አሮጌ ቢሆንም ግድ የለም። ስምንት ቁጥር የሚመስለውን ቋጠሮና ሲሳብ የማይጠብቀውን ቀለበት ይማሩ። ይህ ቀለበት ሰው ለማውጣት የሚበጀው፣ ወገብ ላይ ገብቶ ሲጎተት ስለማያንቅ ነው። ቀጥሎ የአምስት ሊትር ጀሪካን ውስጥ ጥቂት ውኃ ጨምሮ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ማሰር። ውኃው ክብደት ሰጥቶት ሲወረወር ሩቅ ይደርሳል፤ አብዛኛው ክፍሉ ባዶ በመሆኑም ተንሳፍፎ ሰው ይይዛል። ልጆች ይህን እየተፎካከሩ ሲወረውሩ መዋል ይወዳሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን የሚሰጥም ጓደኛ ሲያዩ ዘለው እንዳይገቡ መልመዳቸው ነው። የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና፣ አንዱን ለማዳን የገባው ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ዱላ ዘርጋ፣ ጀሪካን ወርውር፣ ጩኽ፤ ከዚህ አትለፍ መባል አለበት።

በዚሁ ቀን ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ይሁኑ። እያንዳንዱ ጥንዱን ይጠብቃል፤ ፊሽካ ሲነፋም እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። ስማቸው የተጻፈበት ካርድ በሰሌዳ ላይ ይንጠልጠል፤ ወደ ውኃ የሚገባ ካርዱን ይገለብጣል፣ ሲወጣ ይመልሳል። አንድ ካርድ ተገልብጦ ከቀረ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሦስተኛው ስብሰባ ዋና ነው። እዚህ ላይ የቦታው ነገር በብርቱ ይታሰብበት። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐይቅ ነው። ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ በመሆኑ ሰዎች ይንቁታል፤ ልጅን ለማስጠም ግን ሁለት ሜትር ይበቃል። ጠዋት እንደ መስተዋት ረግቶ የነበረው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሐይቁን የወረረው እምቦጭ ደግሞ ክንድና እግር ይይዛል፣ መቅዘፊያም ያስራል።

ከሁሉ የተሰወረው ጠላት ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ የሚኖረው ዳር ዳሩን ሣር ባለበትና በረጋው ውኃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ሲሆን፣ በተለይ ፀሐይ ሲበረታ ከእነርሱ ወጥቶ የሰውን ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። በፎጣ ማሸት አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ስለዚህ የዋናው ትምህርት በመዋኛ ገንዳ ቢሆን ይመረጣል። ከከተማው ሆቴሎች አንዱን ገንዳውን በሳምንት ለሁለት ሰዓት ይፍቀድልን ብሎ መጠየቅ የአቋቋሚዎቹ ሥራ ነው። ሐይቅ የነካ ልጅ ግን ሆዱን ቢያመው ወይም ሰገራው ላይ ደም ቢታይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መድኃኒት አለው።

ለማለፍ ፈተናው ቀላል ነው። በካናቴራና በሱሪ ሆኖ 50 ሜትር መዋኘትና አምስት ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት። ያላለፈ ልጅ አይባረር፤ እስኪችል ዳር ላይ ይማር። ያለፈውም ቢሆን ጀልባ ላይ ሲወጣ ላይፍ ጃኬት ይለብሳል። ጃኬቱ ለልኩ መሆኑ የሚታወቀው ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ከጆሮው ካላለፈ ነው። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ትንሽ ልጅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ከውስጡ ሾልኮ ይወርዳል። ቡድኑ ገንዘብ ሲያዋጣ መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ነው፤ የቡድን ካናቴራና ባንዲራ ይቆዩ።

አራተኛው ቅዳሜ ጀልባዋ ትምጣ፤ ከዳር ግን ታስራ ትቆይ። ልጆቹ መሐሏ ላይ ዝቅ ብለው መግባትን፣ ሳይቆሙ ቦታ መለዋወጥን ይልመዱ። ውኃው እስከ ወገብ በሚደርስበት ንጹሕ ቦታ ሆን ተብሎ ትገልበጥና፣ የተገለበጠች ጀልባን ይዞ መቆየት ወደ ዳር ለመዋኘት ከመሞከር እንደሚሻል በእጃቸው ይዩት። በዚያ ቀን አንድ የታንኳ ሠሪ አዛውንት ቢጋበዙ እንዴት ጥሩ ነበር! የወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል ታንኳ መሥራትን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ የኖረ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ሲከብድ ታንኳዋ በጥቂት ወራት እንደምትቀየር፣ ነፋስ ከመነሣቱ በፊት ሰማዩ ምን እንደሚመስል ከእርሳቸው የተሻለ የሚያስረዳ መጽሐፍ አናውቅም። ለአባትም የትራንስፖርትና የምሳ ይታሰብላቸው፤ በነፃ ያስተምሩን ማለት ነውር ነው።

የደሴቱ ጉዞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን። ጠዋት በማለዳ ተነሥቶ ከቀትር በፊት የሚመለስ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ላይ የሚደረግ ቢሆን እንመርጣለን። በነገራችን ላይ፣ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ይህን ተምሮ ምን ያደርጋል ለሚሉ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የማሪታይም ማሠልጠኛ በውጭ አገር መርከቦች የሚሠሩ መሐንዲሶችን ማስመረቁን መጥቀስ ይበቃል።

ለልጆችዎ ስንቅ ቆሎና ዳቦ፣ በቂ የተጣራ ውኃም ይያዙ፤ በዚያ ከፍታ ፀሐይ ስለምታቃጥል ባርኔጣም አይዘንጉ። ከምግብ በኋላ ወዲያው ውኃ አይግቡ። ደረቅ ልብሱንና ፎጣውን ለየብቻ በፌስታል ጠቅልለው ይላኩ፤ እርጥቡ ልብስ የሚመለሰውም በዚያው ፌስታል ነው።