አሥራ ሦስተኛው ኮከብ እና የባሕረ ሐሳብ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2011 በሚኒያፖሊስ የሚታተመው ስታር ትሪቢዩን ጋዜጣ ከአንድ የሥነ ፈለክ መምህር ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ አወጣ። ፓርክ ኩንክል የተባሉት እኚህ መምህር በሚኒያፖሊስ ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። የተናገሩት ነገር ለሙያ ባልደረቦቻቸው አዲስ አልነበረም። ሰዎች በልደት ቀናቸው የሚያነቡት የኮከብ ሰንጠረዥ ከእውነተኛው ሰማይ አንድ ወር ያህል ተዛንፏል፤ ፀሐይ በዓመታዊ ጉዞዋ የምታልፍባቸው ህብረ ከዋክብትም አሥራ ሁለት ሳይሆኑ አሥራ ሦስት ናቸው አሉ። ወሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ዕድሜ ልካቸውን «እኔ አንበሳ ነኝ»፣ «እኔ ሚዛን ነኝ» ሲሉ የኖሩ ሰዎች ርስታቸው የተነጠቀ ያህል ተቆጡ።

መምህሩ የገለጹት እውነታ ለመረዳት አያስቸግርም። እንዝርት ተሹራ ፍጥነቷ ሲደክም አናቷ ቀስ እያለ ክብ እየሠራ ይዋልላል። የምድር ዛቢያም እንዲሁ ይዋልላል፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ ግን 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት የመጋቢቱ የሌሊትና የቀን እኩሌታ ሲሆን ፀሐይ የምትታይበት የሰማይ ስፍራ በየ72 ዓመቱ አንድ ዲግሪ ይሸሻል። ግሪካዊው ሂፓርኩስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ይህን ሽሽት አስተውሎ ጽፏል። አሥራ ሦስተኛው ህብረ ኮከብ «እባብ ያዡ» ሲሆን፣ ፀሐይ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ባለው የአውሮፓውያን ጊዜ 18 ቀን ያህል ትቆይበታለች። በጎረቤቱ በአቅራብ (በጊንጡ) የምትቆየው ግን አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው።

ኮከብ ቆጣሪዎቹም መልስ ነበራቸው። የምዕራቡ ዓለም ኮከብ ቆጠራ የሚለካው ከእኩሌታው ቀን ተነሥቶ ዓመቱን በአሥራ ሁለት እኩል በመክፈል እንጂ በከዋክብቱ አቀማመጥ አይደለም አሉ። መልሱ ሐቀኛ ነው። ግን ደግሞ ትልቅ ነገር አሳልፎ ይሰጣል፤ አንድ ሰው «ኮከቤ» የሚለው ነገር ከኮከብ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ነውና። አሜሪካዊው ሾን ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያሳተመው ሙከራም ይታወሳል። የታወቁ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሰንጠረዥ እያዩ ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የእሱን እንዲመርጡ ተደረገ። የተሳካላቸው ከሦስቱ በአንዱ ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚገምት ሰውም ከዚህ አያንስም።

የኢትዮጵያው ዐውደ ነገሥት ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል። የሰውየው ስም ከእናቱ ስም ጋር በፊደል ቁጥር ይደመራል፣ በ12 ይገደፋል፣ ቀሪው ሐመል ወይም ሠውር ወይም አሰድ ይባላል። ስሞቹ ራሳቸው ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በዚህ ስሌት ውስጥ ማንም ቀና ብሎ ሰማዩን አላየም። የሚኒያፖሊሱ መምህር ዜና ዐውደ ነገሥት ገላጩን ያላስደነገጠው ለዚህ ይሆናል፤ የእሱ ከዋክብት ድሮም የተቀመጡት በፊደል ገበታ ላይ ነው።

ከግለሰብ ዕጣ አልፎ የሃይማኖትንና የመንግሥትን ዕድሜ በሰማይ ዑደት የመለካት ምኞት ረጅም ታሪክ አለው። በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ የኖረው አቡ ማዕሸር ጁፒተርና ሳተርን በየ20 ዓመቱ የሚገናኙበትን ዑደት ይዞ፣ ሃይማኖቶች የሚነሡትና ነገሥታት የሚወድቁት በእነዚህ ግንኙነቶች ነው ብሎ አስተማረ። ሐሳቡ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓን ለዘመናት ገዛ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1524 ፕላኔቶቹ በሑት (በዓሣው) ምልክት ሲሰበሰቡ ታላቅ የጥፋት ውኃ ይመጣል የሚሉ ከመቶ በላይ ጽሑፎች ታተሙ፤ የጥፋት ውኃው ግን አልመጣም። ሁለቱ ፕላኔቶች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 2020 ከ1623 ወዲህ ባልታየ ቅርበት ሲገናኙም ወረርሽኙን ከዚሁ ጋር ያያዙ ብዙዎች ነበሩ። ወረርሽኙ የጀመረው ግን አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሰማው «የደለዊ ዘመን መጣ» የሚለው ነው። የእኩሌታው ነጥብ በአንድ ምልክት 2,150 ዓመት ገደማ ይቆያል፤ የሐመል ዘመን የብሉይ ኪዳን በግ፣ የሑት ዘመን የክርስቲያኖች ዓሣ፣ የደለዊ ዘመን ደግሞ ያለ ሃይማኖት የሚኖር አዲስ ሰው ነው ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው። ሆኖም እንግሊዛዊው የታሪክ ተመራማሪ ኒኮላስ ካምፒየን ዘመኑ የሚጀምርበትን ቀን አስመልክቶ የተሰጡትን ግምቶች ሲሰበስብ እ.ኤ.አ. ከ1447 እስከ 3597 ተዘርግተው አገኛቸው። ሁለት ሺሕ ዓመት ወዲያና ወዲህ የሚል ትንቢት መቼም ሊሳሳት አይችልም፤ ድክመቱም ይኸው ነው።

ታዲያ የኮከብ ዑደት እምነት በሃይማኖት ላይ ምንም ተጽዕኖ አላደረገም ማለት ነው? አድርጓል። መንገዱን ለማየት ከሚኒያፖሊስ ሚሲሲፒን ተሻግሮ ሴንት ፖል መድረስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1901 በኦሪገን የተመሠረተውን ሉዌሊን የተባለ የኮከብ ቆጠራ አሳታሚ፣ ካርል ዌሽኪ የተባሉ የሴንት ፖል ሰው በ1961 ገዝተው ወደ ከተማቸው አመጡት። ድርጅቱ ገበሬው መቼ እንዲዘራ፣ ባለትዳሩ መቼ እንዲደግስ በጨረቃ የሚነግር ዓመታዊ መጽሐፍ ሲያሳትም የኖረ ነው። ቀጥሎም በመንትዮቹ ከተሞች ጉባኤዎች አዘጋጀ። በ1974 የአሜሪካ ጠንቋዮች ሸንጎ የተባለ ስብስብ ሚኒያፖሊስ ላይ ተቀምጦ አሥራ ሦስት የእምነት መርሖዎችን አጸደቀ። አዲስ ሃይማኖት መተዳደሪያውን አገኘ ማለት ነው። ይህን ያስገኘው ግን ማተሚያ ቤት፣ የመልእክት ሣጥንና የመሰብሰቢያ አዳራሽ እንጂ የፕላኔት ጨረር አልነበረም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው መሠረት፣ ከአሥር አሜሪካውያን አዋቂዎች ሦስቱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኮከብ ቆጠራን፣ የጥንቆላ ካርታን ወይም ጠንቋይን ያማክራሉ። ይህ ያህል ደንበኛ ያለው ንግድ ሳይንስ ስለተቃወመው ብቻ ሱቁን አይዘጋም።

ሰማይ ግን ሃይማኖትን በእርግጥ የሚመራበት ሌላ መንገድ አለው፤ መንትዮቹ ከተሞችም በቅርቡ አይተውታል። የሙስሊሞች አምስቱ ሶላቶች የሚለኩት በፀሐይ ነው። ሚኒያፖሊስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 45 ዲግሪ ላይ ስላለች በክረምታቸው እምብርት ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም፤ በሰኔ ግን ከአሥራ አምስት ሰዓት ተኩል ይዘላል። የፈጅርና የዒሻ አዛን ስለዚህ የከተማው የድምፅ ደንብ ከሚፈቅደው ሰዓት ውጭ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የከተማው ምክር ቤት ደንቡን በሙሉ ድምፅ አሻሽሎ አምስቱም አዛኖች በድምፅ ማጉያ እንዲሰሙ ፈቀደ። የምድር ዛቢያ ማዘንበል የአንድን አሜሪካዊ ከተማ ሕግ አስቀየረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። (ፀሐይ ስትወጣ አንድ ብሎ የሚጀምረው የኢትዮጵያ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይስማማል፤ ሚኒሶታ ላይ በታኅሣሥ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» የሚል ሰው የሚያየው ጨለማ ነው።)

በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሰኞ የካቲት 9 ቀን ዐቢይ ጾም ገባ፤ በማግሥቱ ማግሥት ረቡዕ በብዙ አገሮች ረመዳን፣ በዚያው ዕለት የካቶሊኮች ጾም ጀመረ። በአንድ የመሥሪያ ቤት ምሳ ክፍል ሦስት ዓይነት ጿሚዎች የተገናኙት ሦስት የተለያዩ የፀሐይና የጨረቃ ቆጠራዎች አንድ ሳምንት ላይ ስለገጠሙ ነው። ሰማዩ የሰዎቹን ጠባይ አልነካም፤ ማዕዳቸውን ግን ለውጧል።

ባሕረ ሐሳብ የዚህ ወገን ዕውቀት ነው። ከዐውደ ነገሥት ጋር በአንድ ደብተራ እጅ መገኘቱና ሁለቱም በመግደፍ ስሌት መጠቀማቸው ግን ሁለት ዓይነት ስሕተት ወልዷል። በየማኅበራዊ ሚዲያው «የአባቶች ጥበብ» እያለ የልደት ኮከብ የሚሸጠው ሰው የባሕረ ሐሳብን ክብር ተውሶ ይነግድበታል፤ በእሱ ቃል የተጀመረ እጮኝነት ይፈርሳል፣ ከጉልበት የተገኘ ዶላርም በስልክ ይላካል። ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ኮከብ ቆጠራን መከልከላቸው ነጋዴውን አላስቆመውም። በሌላ ወገን፣ አሜሪካ ተወልዶ የተማረው ወጣት ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከትቶ «ተረት» ብሎ ይጥላል። የሁለተኛው ስሕተት ጉዳት ዝም ብሎ የሚሠራ በመሆኑ የባሰ ነው፤ ልጁ የሚጥለው ወላጆቹ ያላቸውን ሊፈተን የሚችል ሳይንስ ነውና።

መፈተን መቻሉ ልዩነቱን ሁሉ ይዟል። የኢትዮጵያ ዓመት በአማካይ 365 ቀን ከሩብ ሲሆን ከእውነተኛው የፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ በ128 ዓመት አንድ ቀን ያህል ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. ከ2100 በኋላ እንቁጣጣሽ የሚውለው እንደ ዛሬው በአብዛኛው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይሆናል። ስሕተቱ የታወቀ፣ የተለካ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ሊነገር የሚችል ነው። ኮከብ ቆጣሪ ስለ ራሱ ስሕተት ይህን ያህል በትክክል ሊናገር አይችልም።

በመንትዮቹ ከተሞች አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ በሩብ ሰዓት ሊሠራ የሚችለውን እነሆ። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳል፤ ሁለቱ ተመልሰው የሚስማሙት በ19 ዓመት ነው። ለ2019 ዓ.ም. 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7519 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 14 ይቀራል፤ አንድ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 13 ነው። 13 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 23፤ ከ30 ሲቀነስ መጥቅዑ 7። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 15 ይሆናል። ጾመ ነነዌ ሰኞ የካቲት 15 ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ይውላል።